የዕረፍቱ ቀን የማን ነው? ቅዳሜና እሑድን ከሕፃናት ጋር ሳይቸኩሉ ስለ ማሳለፍ



«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶችና እናቶች። ይህ አባባል ለጓዳ ሥራ ብቻ የተነገረ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ለቅዳሜና እሑድ ውሎም በሚገባ ይሠራል። ሳምንቱን ሙሉ «ቅዳሜ ይድረስልን» ስንል እንከርማለን፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን ቤቱ ከሰኞ ይልቅ ሲዋከብ ይውላል። ልብስ ይታጠባል፣ ገበያ ይወጣል፣ የሳምንቱ ወጥ ይሠራል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ የእድር ይከፈላል፣ ዘመድ ይጠየቃል። ሕፃናቱ በዚህ ሁሉ መካከል እየተጎተቱ ያለቅሳሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ይቆጣሉ። እሑድ ማታ ልጆቹ ደክመው፣ ባልና ሚስትም ተኮራርፈው ይተኛሉ።

ለምክር አገልግሎት ወደ ክሊኒክ የሚመጡ እናቶችን «ስለሚቀጥለው ልጅ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋግራችኋል?» ብለን ስንጠይቅ ደጋግመን ከምንሰማቸው መልሶች አንዱ «ጊዜው የት አለና!» የሚል ነው። ይህ መልስ ቀላል አይደለም። ልጅ የመውለድን ያህል ከባድ ጉዳይ መነጋገሪያ ሰዓት ካጣ ውሳኔው በአጋጣሚ እጅ ይወድቃል ማለት ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የሳምንቱን መጨረሻ እንዴት ማቀድ እንደሚቻል፣ ልጆች በእርግጥ ምን እንደሚያስፈልጋቸው፣ ሥራው በባልና ሚስት መካከል እንዴት ሊከፋፈል እንደሚችል እናያለን።

የዕረፍት ቀን ለምን ያደክማል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ሠራተኛ በሰባት ቀናት ውስጥ ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ የሳምንት ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። የቤት ውስጥ ሥራ ግን እንዲህ ያለ አዋጅ የለውም። ምድጃው፣ የልብሱ ክምር፣ የሕፃኑ ሽንት ጨርቅ «ዛሬ እሑድ ነው» አይሉም። በመሥሪያ ቤት የምትውል እናት በአምስት ቀን ያልደረሰችበትን ሁሉ ለሁለት ቀን ታጠራቅማለች። ቤት የምትውለዋም ብትሆን ሁሉም ሰው ቤት በዋለበት ቀን ሥራዋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ በብዙ ቤቶች የዕረፍቱ ቀን ለአባትና ለእንግዳ ዕረፍት፣ ለእናት ግን ሌላ የሥራ ቀን ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ማኅበራዊ ኑሯችን ነው። ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ዕቁቡና እድሩ በአብዛኛው የሚውሉት በቅዳሜና በእሑድ ነው። እነዚህ የመረዳጃ ገመዶቻችን ስለሆኑ ይበጠሱ የሚል ሰው የለም። ችግሩ በአንድ ቀን ሦስትና አራት ቦታ፣ ያውም መላው ቤተሰብ ሕፃናቱን ጭምር ይዞ፣ ለመድረስ መሞከሩ ላይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ልጅን ማስደሰት ማለት ገንዘብ ማውጣት ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። ወላጆች «ልጆቹን የትም አልወሰድናቸውም» ብለው ይጨነቁና አንድ ቀን ከፍ ያለ ወጪ አውጥተው፣ ታክሲ ተጋፍተው፣ ከሰዓታት በኋላ ሁሉም ሰው አልቅሶ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ጉዞው በአዋቂ ሰዓት እንጂ በሕፃን ሰዓት ስላልታቀደ ነው።

የሕፃን ሰዓት እንዴት ይሄዳል?

የሁለት ዓመት ልጅ «አርፍደናል» የሚለው ቃል አይገባውም። ጫማውን ራሱ ማጥለቅ ይፈልጋል፤ በመንገድ ላይ ጉንዳን ካየ ቁጭ ብሎ ይመለከታል። ይህ ስንፍና ወይም እልኸኝነት ሳይሆን የሚማርበት መንገድ ነው። ለአዋቂ አሥር ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ለእሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከልጅ ጋር የሚወጣ ሰው ከመጀመሪያውኑ የጊዜውን እጥፍ ቢይዝ ከቁጣ ይድናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በ24 ሰዓት ውስጥ ምን ያህል መተኛትና መንቀሳቀስ እንደሚገባቸው ዘርዝሯል። የቀኑ እንቅልፍ ተጨምሮ ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉት ልጆች በቀን በድምሩ ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት፣ መንቀሳቀስ አለባቸው። ይህም ማለት መራመድ፣ መሮጥ፣ መዝለልና መጨፈር ነው። ታዝለው ወይም በጠባብ ቤት «አርፈህ ተቀመጥ!» እየተባሉ የሚውሉ ልጆች ይህን አያገኙም።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን። ልጃችሁ ቀን የሚተኛበት ሰዓት ካለ የቅዳሜና የእሑድ ፕሮግራም መጀመሪያ መነሻ ማድረግ ያለበት ያንን ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ «ይህ ልጅ ሰው ፊት ያዋርደናል» የሚባልለት ሕፃን ባለጌ ሆኖ ሳይሆን እንቅልፉን ያጣ ወይም የራበው ሕፃን ነው።

ሐሙስ ማታ 15 ደቂቃ

የተረጋጋ ቅዳሜ የሚጀምረው ሐሙስ ማታ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ለ15 ደቂቃ ተቀመጡ። የሚመጡትን ሁለት ቀናት ጉዳዮች በሦስት ረድፍ ጻፏቸው።

አንደኛው ረድፍ «የግድ» ነው። የቅርብ ሰው ለቅሶ፣ የጸሎት ሰዓት፣ የታመመ ወላጅ መጠየቅ፣ የሕፃኑ የክትባት ቀን ደርሶ ከሆነ እሱ እዚህ ይገባሉ።

ሁለተኛው ረድፍ «የሚዘዋወር» ነው። ብዙዎቹ የቤት ሥራዎች እዚህ ይወድቃሉ። ለምሳሌ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልብስ ሁሉ ለቅዳሜ ከሚከመር ይልቅ ውኃ በመጣበት ማታ የልጆቹ ልብስ ብቻውን ቢታጠብ የቅዳሜው ክምር በግማሽ ይቀንሳል። ሽንኩርቱ ዓርብ ማታ ተልጦና ተከትፎ ቢያድር፣ ቁሌቱም አንድ ጊዜ በርከት ተደርጎ ቢሠራ እሑድ ጠዋት ከምድጃው ሥር የምትቆሙበት ሰዓት ያጥራል። አስቤዛ የሚገዛውም ከሥራ መልስ በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ረድፍ «የሚቀር» ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በየሳምንቱ ከምናደርጋቸው ነገሮች አንዳንዶቹን ባናደርጋቸው የሚጎዳ ሰው የለም። መጋረጃው በዚህ ሳምንት ባይታጠብስ? እሑድ በአንድ ዓይነት ወጥ ቢበላስ?

ይህ ከተደረገ በኋላ አንድ ደንብ ያዙ፦ ከልጆች ጋር ለአንድ ቀን አንድ ጉዳይ። ቅዳሜ ዘመድ ቤት ከተሄደ ሌላ ቦታ አይሄድም። እሑድ ሽርሽር ከተወጣ ከዚያ መልስ እንግዳ አይጠራም። አንዱን ነገር በሙሉ ልብ ማድረግ አራቱን እየተበሳጩ ከማድረግ ይሻላል።

ሥራው የሁለት ሰው ነው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ከሕፃናት ጋር የሚውል ቀን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ከወደቀ ሸክም፣ ለሁለት ከተከፈለ ግን ጌጥ ነው።

በአንዳንድ ቤቶች ባል ዕቃ ቢያጥብ ወይም ሕፃን ቢያጥብ «ሚስቱን ረዳት» ይባላል። ይህ አነጋገር ሥራው የሚስት ብቻ እንደሆነ ያስቆጥራል። ልጁ ግን የሁለታችሁ ነው። ከማጥባት በስተቀር ለሕፃን የሚደረግ እንክብካቤ ሁሉ በአባት እጅ ሊሠራ ይችላል፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ማስተኛት፣ አዝሎ ማረጋጋት። አባት መጀመሪያ ላይ ቢቸግረውም እንደ እናት ሁሉ በመለማመድ ይማረዋል። እናቶችም በበኩላችሁ አባት ሕፃኑን ሲያለብስ «ኧረ እንዲህ አይደለም!» ብላችሁ ከእጁ አትንጠቁ። ሹራቡ ተገልብጦ ቢለበስ ሕፃኑ አይጎዳም፤ በየጊዜው የሚነቀፍ አባት ግን ሁለተኛ አይሞክርም።

በተለይ ጡት የምታጠባ እናት ሌሊት ደጋግማ ስለምትነሣ እንቅልፏ የተቆራረጠ ነው። ለእንዲህ ያለች እናት ከማንኛውም ስጦታ የሚበልጠው በሳምንት አንድ ቀን አባትየው ልጆቹን ይዞ ወጥቶ የሚሰጣት የሁለት ሰዓት እንቅልፍ ነው። አደራ፣ ያ ሰዓት የልብስ ማጠቢያ ሰዓት እንዳይሆን!

ማኅበራዊ ጉዳዮችንም መከፋፈል ይቻላል። ለቅሶ ባልና ሚስት ሁልጊዜ አብረው መድረስ የለባቸውም፤ በዚህ ሳምንት አንዱ ቢደርስ በሚቀጥለው ሌላው ይደርሳል፤ ሕፃናቱም ሰው በተጨናነቀበት ድንኳን ከሚውሉ እቤት ከአንዳችሁ ጋር ቢቆዩ ይሻላቸዋል። አያቶች «ለምን ልጆቹን አላመጣችሁም?» ብለው እንዳይቀየሙ አስቀድማችሁ በአክብሮት ንገሯቸው፤ «እማዬ፣ በወር ሁለት እሑድ አንቺ ጋ እንውላለን፤ ያን ቀን ሌላ ቦታ አንሄድም» ብትሏቸው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም። ተጣድፎ ከሚመጣና ሰዓት እያየ ከሚቀመጥ እንግዳ ይልቅ ተረጋግቶ የሚውል ልጅና የልጅ ልጅ ለአያት ይበልጣል።

የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁ እሷም ሰው ናትና የዕረፍት ቀን ያስፈልጋታል። የእናንተ ዕረፍት በእሷ ድካም ብቻ የሚገኝ ከሆነ ሸክሙ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም።

ለምሳሌ አንድ ቤት እንይ

አንድ የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ14 ወር ሴት ልጅ ያሏቸውን ባልና ሚስት እናስብ። አባት ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ይሠራል።

ቅዳሜ ጠዋት እናት ከልጆቹ ጋር እቤት ትውላለች። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ልጆቹ በግቢው ወይም በደጃፉ በጠዋት ፀሐይ ይጫወታሉ። የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ሰውነት ለአጥንት ጥንካሬ የሚረዳውን ቫይታሚን ዲ ስለሚሠራ ትንሿ ልጅ እጆቿና እግሮቿ ተገልጠው ብትወጣ ይጠቅማታል። እናት የሚታጠበውን ጥቂት ልብስ በዚያው ታጥባለች፤ የ4 ዓመቱ ልጅ የራሱን ካልሲ በትንሽ ሳህን ያሻል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ምሳ በልተው ትንሿ እስከ 8 ሰዓት ተኩል ትተኛለች። አባት ገብቶ ምሳውን ከበላና ካረፈ በኋላ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ልጆቹን ይዞ ይወጣል፤ የሚሄደውም እሰፈሩ ሜዳ ወይም እሱቅ ድረስ ነው። እናት ትተኛለች። ማታ 12 ሰዓት ተኩል እራት፣ ከዚያ የእግርና የፊት መታጠብ፣ ከዚያ ተረት፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ይተኛሉ።

እሑድ ጠዋት ከጸሎት መልስ ቤተሰቡ አብሮ ቁርስ ይበላል። ዕለቱ የአያት ቤት ቀን ከሆነ 4 ሰዓት ላይ ይወጣሉ፤ ትንሿ እዚያው እንድትተኛ አንሶላዋ ይያዝላታል። የቤት ቀን ከሆነ ደግሞ ቡና ይፈላል፤ ልጆቹ ይጫወታሉ። ከ10 ሰዓት በኋላ ምንም ፕሮግራም አይያዝም፤ ሰኞ የሚለበሰው ልብስና የምሳ ዕቃው ይዘጋጃል። ልጆቹ በጊዜ ይተኙና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የባልና የሚስት ይሆናል።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ልዩ ወጪ የለም። ያለው ነገር ሰዓቱ መታወቁ ብቻ ነው። የእናንተ ቤት ከዚህ ይለይ ይሆናል፤ ዓርብ የጸሎት ቀናችሁ፣ ወይም ቅዳሜ ሙሉ ቀን የሥራ ቀናችሁ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር የልጅ እንቅልፍ፣ የእናት ዕረፍት፣ የአባትና የልጆች ሰዓት፣ የባልና የሚስት ሰዓት የሚሉት አራቱ በሳምንት ውስጥ ቦታ ማግኘታቸው ነው።

ጨዋታ ከቤት ዕቃ

ልጅ ከሱቅ በተገዛ መጫወቻ ብቻ አይጫወትም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ባዶ ካርቶን፣ ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ ኳስ ለሕፃን በቂ ናቸው። የ3 ዓመት ልጅ ሽሮ በማንኪያ ከሳህን ወደ ሳህን ሲገለብጥ እጁና ዓይኑ አብረው መሥራት ይማራሉ። ክረምት ሆኖ መውጣት ካልተቻለ ድብብቆሽ፣ ጭፈራና እንቆቅልሽ አሉ። «እንቆቅልሽ! ምን አውቅልህ?» የሚለው ጨዋታ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልጅን ግን ማሰብና መናገር ያስተምረዋል።

ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ልጅን ዝም ያሰኛሉ፤ ሆኖም ሞግዚት አይደሉም። ከላይ የጠቀስነው መመሪያ ዕድሜያቸው 2 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ጨርሶ ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ ባያዩ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጡ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ስልኩ የሚርቀው ከልጁ ብቻ አይደለም። አባት ከልጁ ጋር ሜዳ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ስልክ ላይ ከሆነ ልጁ ብቻውን እንደ ወጣ ይቆጠራል።

ለሽርሽር ስትወጡ

በወር አንድ ጊዜ ወጣ ማለት ጥሩ ነው። በአዲስ አበባ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ዛፍና ሰፊ መንገድ ስላለው ልጅ ለመሮጥ ይመቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው የአንድነት ፓርክ ደግሞ እንስሳት ስላሉት ልጆች ይወዱታል። የ5 እና የ6 ዓመት ልጅ ካላችሁ በብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን አጽም ቅጂ ማየት ይችላል፤ ለ2 ዓመት ልጅ ግን ሙዚየም መሰልቸት ነው። መግቢያ የሚያስከፍል ቦታ ሊሆን ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ። በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በቢሾፍቱ ያላችሁ ሐይቅ ዳር ስለምትኖሩ ታድላችኋል። ነገር ግን በሐዋሳና በጣና ሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ ስለሚገኝ ልጆች ውኃውን እያዩ ይጫወቱ እንጂ እየገቡ እንዳይንቦራጨቁ ጠብቋቸው። ሐይቅም ፓርክም በሌለበት ከተማ ከሰፈር ወጣ ብሎ ከብት በሚሰማራበት መስክ መሄድ ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው።

ስትወጡ የፈላ ወይም የታከመ ውኃ፣ የማይበላሽ ምግብ፣ ቅያሪ ልብስና አንድ ነጠላ ወይም ጋቢ ያዙ። ጠዋት ወጥታችሁ ከምሳ እንቅልፍ በፊት ተመለሱ። ልጁ ገና ደስ እያለው መመለስ አልቅሶ ከመመለስ ይሻላል።

ከአደጋ መጠንቀቅ

ሁሉም ሰው ቤት በሚውልበት ቀን «አንዱ ያየዋል» እየተባለ ሕፃን ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ በየሰዓቱ ልጆቹን የሚጠብቀው ሰው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ። በተለይ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

ቡና በሚፈላበት ጊዜ ከሰሉ፣ ጀበናውና ትኩሱ ሲኒ ለሚድህና ለሚራመድ ሕፃን አደገኛ ናቸው። ረከቦቱና ምድጃው ሕፃን በማይደርስበት ጥግ ይሁኑ። ሕፃን ከተቃጠለ ቁስሉን ወዲያውኑ ንጹሕ በሆነ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ወይም እንቁላል አትቀቡ። ከዚያም ወደ ጤና ድርጅት ውሰዱት።

ለቡና ቁርስ የሚቀርቡት ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ለትንንሽ ሕፃናት አይሰጡ፤ ጉሮሮ ይዘጋሉ፤ ወደ አየር ቧንቧም ይገባሉ።

የተያያዘ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይደር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ልብስ የሚታጠብበት ሳፋና ባልዲ ውኃ እንደያዘ አይተው። ሕፃን በጥቂት ውኃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል።

በዚያ ጸጥ ባለ ሰዓት ምን እንነጋገር?

ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሚገኘው የእሑድ ምሽት ሰዓት ለባልና ሚስት ጨዋታ ነው። በወር አንድ ጊዜ ግን ስለ ቤተሰባችሁ ቁጥር ተነጋገሩበት። ስንት ልጅ እንፈልጋለን? የሚቀጥለው መቼ ይሁን? የእናትየው ጤና እንዴት ነው? የቤት ኪራዩና የትምህርት ቤት ክፍያው ምን ይፈቅድልናል?

አንዳንዶች «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። ዕድል ግን ሕፃን አያጥብም፣ ሌሊት ተነሥቶ አያባብልም፣ ተረት አያወራም። ልጅ የሚያድገው በወላጆቹ እጅ፣ ጉልበትና ጊዜ ነው። ጊዜያችሁ ደግሞ የተወሰነ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል። ከላይ በምሳሌነት ያየነውን ቤት እናስታውስ። የመጀመሪያው ልጅ 4 ዓመቱ፣ ሁለተኛዋ 14 ወሯ ስለሆነ በመካከላቸው 34 ወር አለ። ይህ መልካም ርቀት ነው። ሌላ ልጅ ቢፈልጉ ትንሿ 24 ወር እስኪሞላት ቢያንስ 10 ወር መታገሥ ይኖርባቸዋል። አሁን ቢያረግዙ ግን እናት ልትታዘል የምትፈልግ ሕፃን በጀርባዋ፣ ሌላ ሕፃን በማህፀኗ ይዛ፣ የ4 ዓመቱን ደግሞ በእጇ እየጎተተች ትውላለች። ሰውነቷም ካለፈው እርግዝናና ወሊድ ሳያገግም ለደም ማነስ ይጋለጣል።

አራርቆ ለመውለድ ለሁሉም የሚሆን አንድ መከላከያ የለም። ከወለደች ስድስት ወር ያልሞላት፣ የወር አበባዋ ያልተመለሰ፣ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ የምታጠባ እናት ሦስቱም ሁኔታዎች እስከ ተሟሉ ድረስ ማጥባቱ ራሱ ይከላከልላታል፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ሌላ መከላከያ መጀመር አለባት። ከሌሎቹ መካከል ኮንዶም፣ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል፣ በየሦስት ወሩ የሚወሰድ መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር ተቀብሮ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚያገለግል መከላከያ፣ በማህፀን ውስጥ ተቀምጦ ለ10 ዓመት ያህል የሚያገለግል ሉፕ ይገኛሉ። ልጅ በቃን ላሉ ባልና ሚስት ደግሞ ዘላቂ ዘዴዎች አሉ። የምታጠባ እናት የእንክብሉ ዓይነት ስለሚለይ ለጤና ባለሙያዋ ማጥባቷን መናገር አለባት። መርፌም ሆነ በክንድ የሚቀበረው የወር አበባን ሥርዓት ሊለውጡ ስለሚችሉ ባልም ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ «ምን ሆንሽ?» ብሎ ከመደናገጥ ይድናል።

ለማስታወስ ያህል

ሐሙስ ማታ ለ15 ደቂቃ አቅዱ። ከልጆች ጋር ለአንድ ቀን አንድ ጉዳይ ያዙ። የልጁን የቀን እንቅልፍ አትንኩ። አባት በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ብቻውን ከልጆቹ ጋር ይዋል፤ እናትም ያን ጊዜ ትረፍ። እሑድ ማታ ስልኩን አስቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ማድረግ ባይቻላችሁ አትዘኑ። በመጪው ቅዳሜ አንዱን ብቻ፣ ለምሳሌ የእናትን የሁለት ሰዓት ዕረፍት፣ ሞክሩት። ከተስማማችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን ጨምሩ። እሑድ ማታ ተነጋግራችሁ የደረሳችሁበትን ሐሳብ ወይም የተፈጠረባችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ደግሞ ወደ ክሊኒካችን ኑ። ብትችሉ ሁለታችሁም አብራችሁ ብትመጡ ይመረጣል፤ ሁለት ሆናችሁ የሰማችሁትን አንዱ ለሌላው ማስረዳት አያስፈልገውም። የምትነግሩን ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል።

መልካም ሰንበት!